ምዕራፍ ስድስት፦ ትጋት፥ መድኀኒትና ምስክር

በሴፕቴምበር 29 ቀን 2024 (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በስዊዘርላንድ ከተማ በዙሪክ በተደረገው የዓለም የብስክሌት ሻምፒዮና፥ ታዴይ ፖጋቻር የተባለው የ26 ዓመት የስሎቬንያ ጐበዝ፥ ውድድሩ ሊፈጸም ገና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ከዋናው ጭፍራ ተለይቶ ወደ ፊት ወጣ፤ የመጨረሻውንም 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን ጋልቦ የዓለምን ሻምፒዮናነት ወሰደ። የብስክሌትን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንደ እብደት የሚቈጠር ነገር ነበር። ብቻውን የሚጋልብ ሰው ነፋሱን በገዛ ደረቱ ሲሰነጥቅ፥ በማኅበር የሚከተሉት ግን እየተፈራረቁ አንዱ ለአንዱ ነፋሱን ስለሚከልልለት፥ ብቸኛው ፈጥኖ እንደሚደክምና ማኅበሩም ውሎ አድሮ እንደሚደርስበት ለብዙ ዘመን የታመነ ነውና። በዚያ ቀን ግን ማንም አልደረሰበትም። በዚያው ዓመት ጂሮ ዲታሊያ የተባለውን የጣሊያን ዙርና ቱር ደ ፍራንስ የተባለውን የፈረንሳይ ዙር አስቀድሞ አሸንፎ ስለ ነበር፥ ሦስቱን ታላላቅ ድሎች በአንድ ዓመት በማከማቸት ከወንዶች ሦስተኛው ሰው ሆነ፤ ከእርሱ በፊት ይህን ያደረጉት ቤልጅጋዊው ኤዲ ሜርክስ በ1974፥ አየርላንዳዊው ስቲቨን ሮች በ1987 ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ድል ሁለት ወር ቀደም ብሎም በቱር ደ ፍራንስ ላይ ፕላቶ ደ ቤይ የተባለውን የፒሬኔ ተራራ ሲወጣ፥ ጣሊያናዊው ማርኮ ፓንታኒ በ1998 የወጣበትን ጊዜ ከ3 ደቂቃ በላይ አሳጠረው። ፓንታኒ ደግሞ በደሙ ውስጥ ያለው የቀይ ሕዋስ መጠን ከተፈቀደው ወሰን አልፎ በመገኘቱ በ1999 ከጂሮ ዲታሊያ የተባረረ፥ በ2004ም ገና በ34 ዓመቱ በአንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ ብቻውን ሞቶ የተገኘ ሰው ነው። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ተመልካች፥ ወጣቱ ወደ ተራራው ራስ ሲከንፍ ባየው ጊዜ አድናቆትና ሥጋት በአንድነት ልቡን ይይዙታል፤ በአፉም የሚመላለሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ሰው ከባልንጀሮቹ ይህን ያህል የበለጠው በትጋት ነውን ወይስ በመድኀኒት?

ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው፤ የሚጠየቅበት መንገድ ግን ወደ ስሕተት ይመራል። ትጋትንና መድኀኒትን እንደ ብርሃንና ጨለማ አንዱ ባለበት ሌላው የማይገኝ አድርጎ ያቀርባቸዋልና። የዚህ ስፖርት ታሪክ ግን ሁለቱም ለመቶ ዓመት ያህል በአንድ ቤት አብረው እንደ ኖሩ፥ ብዙ ጊዜም በአንድ ሰው አካል ውስጥ እንደ ተገናኙ ያሳያል። እንዴት እንደ ኖሩ፥ ለምንስ በዐይን ሊለዩ እንዳልቻሉ፥ በመጨረሻም እውነቱ በማን አፍ እንደ ተገለጠ በተራ እንመልከት።

በጥንቱ ዘመን ነገሩ ምሥጢር አልነበረም። በ1903 የተመሠረተው ቱር ደ ፍራንስ የሰውን ልጅ የመከራ ወሰን የሚፈትን ውድድር ነበር። በ1924 ያለፈው ዓመት አሸናፊ አንሪ ፔሊስዬ፥ ወንድሙ ፍራንሲስና ባልንጀራቸው ሞሪስ ቪል በአስተዳዳሪዎቹ ጭካኔ ተማረው ውድድሩን አቋርጠው በወጡ ጊዜ፥ ኩታንስ በተባለችው ከተማ በባቡር ጣቢያው ቡና ቤት ተቀምጠው ለጋዜጠኛው ለአልቤር ሎንድር ከረጢታቸውን ፈትተው አሳዩት፤ ይኸውም ለዐይን የሚሆን ኮካይን፥ ለድድ የሚሆን ክሎሮፎርም፥ ከዚያም የልዩ ልዩ ክኒን ሣጥን ነበር። ያንን ያሳዩት ሰዎች የደበቁት ኀጢአት እንደ ተገለጠበት ሰው አላፈሩም፤ መከራቸውን እንደሚያስረዳ ታማሚ ነበር የተናገሩት። በእነርሱ ኅሊና መድኀኒቱ የሥቃይ ማስታገሻ እንጂ ባልንጀራን ማታለያ አልነበረም። ይህም አስተሳሰብ ለብዙ ዘመን ስለ ጸና፥ ፈረንሳይ በ1965 አበረታች መድኀኒትን የሚከለክል ሕግ አውጥታ በ1966 በቦርዶ ከተማ ምርመራ ባስጀመረች ጊዜ፥ ተወዳዳሪዎቹ በማግስቱ ከብስክሌታቸው ወርደው በእግራቸው እየሄዱ ተቃውሟቸውን ገለጡ።

ሞት ግን ከሕግ ይልቅ ጠንክሮ ተናገረ። በ1967 በጁላይ 13 ቀን እንግሊዛዊው ቶም ሲምፕሰን ሞን ቫንቱ በተባለው ራሰ በራ ተራራ ላይ፥ ፀሐይ በነጭ ድንጋይ ላይ ስታነድድ፥ ወደ ጫፉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው እየተንገዳገደ ወደቀ፤ ሰዎች አንሥተው በብስክሌቱ ላይ መልሰው አስቀመጡት፤ ጥቂት ሄዶ ዳግመኛ ወደቀ፥ ከዚያ በኋላም አልተነሣም። በማልያው የኋላ ኪስ የአምፌታሚን ብልቃጦች ተገኙ፤ በደሙም አምፌታሚንና አልኮል ታየ። አምፌታሚን ለአካል አዲስ ኀይል አይፈጥርም፤ አካል ለባለቤቱ ደክሜአለሁ፥ ግዬአለሁ እያለ የሚልከውን መልእክት ይዘጋል እንጂ። ሲምፕሰንም በዚያ ሙቀት ሰውነቱ ሲጮኽ ሳይሰማው ሞተ።

ከሃያ ዓመት በኋላ የመጣው መድኀኒት ግን ጠባዩ ሌላ ነበር። ኩላሊታችን ኤሪትሮፖየቲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ እርሱም መቅኒን ቀይ የደም ሕዋስ እንዲፈጥር ያዝዛል፤ ቀይ ሕዋስም ኦክስጅንን ከሳንባ ተሸክሞ ወደ ጡንቻ ያደርሳል። ሳይንቲስቶች ይህን ንጥረ ነገር በላቦራቶሪ ማምረት ስለ ቻሉ፥ በ1989 በአሜሪካ ለኩላሊት ሕሙማን እንዲሰጥ ተፈቀደ፤ ከደም ማነስ የተነሣ ከአልጋቸው መነሣት ያቃታቸውን ብዙ ሰዎችም አስነሣ። ኢፒኦ ተብሎ በአጭሩ የሚጠራው ይህ በጎ መድኀኒት ግን ብዙም ሳይቈይ ከሕሙማን አልጋ ወደ ጤነኞች ሻንጣ ተሻገረ። ኦክስጅንን የሚሸከመው ሠራዊት ሲበዛ ብስክሌተኛው ተራራውን ፈጥኖ ይወጣል፥ በማግስቱም ለመድገም ይችላል፤ በሌላው በኩል ደሙ እንደ ዝቃጭ ማር ይወፍርና ልብን ያስጨንቃል።

በ1990ዎቹ ዓመታት ኢፒኦን በምርመራ ለይቶ ማወቅ ስላልተቻለ፥ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በ1997 አንድ ወሰን አበጀ፤ ይኸውም ከመቶው የደም ክፍል ቀይ ሕዋሱ ከ50 በላይ የሆነ ተወዳዳሪ ለጤናው ሲባል እንዲያርፍ የሚል ነው። ለጥንቃቄ የታሰበው ወሰን ግን የማታለያ ልክ ሆኖ አረፈ፤ እስከ 49 መድረስ እንደ ተፈቀደ ተቈጠረ። ሁሉም ከወሰዱ ሁሉም እኩል ናቸው የሚለው አነጋገርም ከንቱ መሆኑ ከዚሁ ይታወቃል። በተፈጥሮው 48 የሆነ ሰው ከመድኀኒቱ የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ በተፈጥሮው 41 የሆነው ግን ብዙ ያተርፋል። ስለዚህ መድኀኒቱ ውድድሩን አላስተካከለም፤ የድሉን ዕጣ ፈንታ ከተፈጥሮና ከድካም ነጥቆ ለመድኀኒት ለሚመች ደምና ለብልሃተኛ ሐኪም አሳልፎ ሰጠ እንጂ።

ይህ ሁሉ የተገለጠው በጁላይ 8 ቀን 1998 ነው። የፌስቲና ቡድን ወጌሻ የነበረው ቪሊ ፉት የቡድኑን መኪና እየነዳ ከቤልጅግ ወደ ፈረንሳይ ሲሻገር የጉምሩክ ሠራተኞች አቁመው ቢፈትሹት፥ ኢፒኦና የዕድገት ሆርሞን፥ ቴስቶስቴሮንና አምፌታሚን በመቶዎች በሚቈጠሩ ብልቃጦች ታጭቆ አገኙ። ፌስቲና ከቱር ተባረረ፤ ፖሊሶች ሆቴሎችን ፈተሹ፤ ሌሎች ቡድኖችም ተቈጥተው ወጡ፤ ከተነሡት 189 ተወዳዳሪዎች ፓሪስ የደረሱት 96 ብቻ ሆኑ። የዛሬው ሻምፒዮን ፖጋቻር የተወለደው ከዚህ ውርደት ሁለት ወር በኋላ ነው፤ ከመወለዱ በፊት የተበላ ዕዳ ዛሬ እርሱን ያስጠይቀዋል።

አሁን ትጋትና መድኀኒት በዐይን ሊለዩ ወዳልቻሉበት ምሥጢር እንግባ። አሜሪካዊው ላንስ አርምስትሮንግ ከ1999 እስከ 2005 ቱር ደ ፍራንስን 7 ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። ሰዎች በተጠራጠሩት ጊዜ በአንድ የጫማ ድርጅት ማስታወቂያ ላይ ቀርቦ፥ ምን እንደሚወስድ ለሚጠይቁት በቀን 6 ሰዓት በብስክሌት ላይ እንደሚውል መለሰላቸው። የዚህ መልስ አስፈሪነቱ እውነት መሆኑ ነው። በእርግጥ ይውል ነበር፤ ተወዳዳሪዎቹ ገና ሳያስቡት በጸደይ ብርድ ተራራዎቹን እየወጣ ያጠናቸው፥ ምግቡን በሚዛን ይመዝን፥ አቀማመጡንም በነፋስ ቤት ያስመረምር ነበር። ከዚሁ ሁሉ ጋር ኢፒኦ ይወስድ፥ የገዛ ደሙንም አስቀድሞ አስቀድቶ በውድድሩ ሰሞን መልሶ ወደ አካሉ ያስገባ ነበር። መድኀኒቱ በትጋቱ ምትክ አልገባም፤ በትጋቱ ላይ ተደረበ እንጂ። ሰነፍን ሻምፒዮን የሚያደርግ ብልቃጥ የለም፤ ትጉህን ግን ከትጉህ ባልንጀራው በላይ ያደርገዋል፤ የማታለሉም ክፋት በዚህ ነው። እንግዲህ አንድ ሻምፒዮን ስለ ልምምዱ ብዛት ቢነግረን እናደንቀዋለን እንጂ፥ ነገሩን ለንጽሕናው ማስረጃ አድርገን ልንቀበል አንችልም።

ነገር ግን ፍርድ በአንድ ወገን ብቻ እንዳያዘነብል የትጋትን ወገን ደግሞ በሙላት መስማት ይገባናል። ከሃያ ዓመት ወዲህ በብስክሌት ላይ የደረሰው ለውጥ ታላቅ ነው። ቀድሞ አንድ ተወዳዳሪ በሰዓት ከ60 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ቢወስድ ሆዱ አይቀበለውም ይባል ነበር። ግሉኮስና ፍሩክቶስ ከአንጀት ወደ ደም የሚገቡበት በር የተለያየ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ግን ሁለቱን አደባልቆ በሁለቱም በር ማስገባት ተቻለ፤ አንጀትም እንደ እግር በልምምድ እንደሚሠለጥን ስለ ታየ፥ ዛሬ በሰዓት እስከ 120 ግራም የሚወስዱ አሉ። የድሮው ጋላቢ በአምስተኛው ሰዓት ጕልበቱ እንደ ነጠፈ ምንጭ ሲደርቅበት፥ የዛሬው ገና ስንቁን እንደ ያዘ ተራራው ሥር ይደርሳል። ነፋሱም እንዲሁ በስሌት ተያዘ፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ነፋስን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኀይል ስምንት እጥፍ ስለሚሆን፥ ከልብሱ ስፌት ጀምሮ እስከ መሪው ስፋት የማይመረመር ነገር የለም። 23 ሚሊ ሜትር የነበረው ቀጭን ጎማም በሻካራ አስፋልት ላይ ሲነጥር ኀይል እንደሚያባክን ስለ ታወቀ፥ ወደ 28ና 30 ሚሊ ሜትር ሰፋ። በፔዳሉ ላይ የተገጠመ መሣሪያም የእግሩን ኀይል በየሰከንዱ በዋት እየለካ ስለሚነግረው፥ ጋላቢው የጕልበቱን ሒሳብ እንደ ነጋዴ መዝገብ ይዞ ይጓዛል።

ከሁሉም በላይ ለእኛ የሚቀርበው የደጋው ልምምድ ነው። አውሮፓውያን ብስክሌተኞች ከውድድር በፊት በካናሪ ደሴቶች ባለው በቴይዴ ተራራ ላይ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ሳምንታት ይቀመጣሉ፤ አየሩ ሲሳሳ ኩላሊት በራሱ ትእዛዝ ደምን ያበረክታልና። ቪሊ ፉት በብልቃጥ የተሸከመውን ዐይነት ስጦታ ተራራው በጥቂቱ፥ በቀስታና ያለ ማታለል ይሰጣል። አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ ከፍታ በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እነርሱ ለሦስት ሳምንት ተከራይተው የሚተነፍሱትን አየር የደጋችን ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ይተነፍሰዋል።

አስደናቂ ነገር ሁሉ አጠራጣሪ አለመሆኑንም ከገዛ ታሪካችን እንማራለን። በ1960 በሮም ኦሊምፒክ በኦገስት 26 ቀን ዴንማርካዊው ብስክሌተኛ ክኑድ ኤኔማርክ የንሰን በከባድ ሙቀት ሲጋልብ ወድቆ ሞተ። የሞቱ ምክንያት ሙቀቱ ብቻ ይሁን ወይስ መድኀኒትም ይጨመርበት ለብዙ ዘመን ቢያከራክርም፥ የስፖርት ሹማምንት ስለ አበረታች መድኀኒት እንዲመክሩ ያስገደደ ሞት እርሱ ነው። ከዚያ ሞት በ15ኛው ቀን፥ በዚያችው ከተማ፥ በችቦ ብርሃን፥ ከአክሱም በተወሰደው ሐውልት አጠገብ አልፎ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸነፈ። ስሙን የሰማ ጥቂት ነበር፤ ያሸነፈበትም 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከዚያ በፊት በማራቶን ያልታየ ፍጥነት ነበር። በ1964 ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና በተደረገለት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቶኪዮ ላይ ደግሞ አሸነፈ። ድንቅ ነገር ሁሉ የመድኀኒት ምልክት ነው የሚል ዳኛ በዚያ ዘመን ቢኖር ኖሮ፥ የደጋውን አየርና የአሠልጣኙን የኦኒ ኒስካነንን የብዙ ዓመት ድካም ሳይመረምር፥ እጅግ ንጹሑን ድል በኰነነ ነበር።

ትጋትንና መድኀኒትን የሚለየው ድንበርም ራሱ እንደ ሸንተረር ጫፍ የጠበበበት ቦታ አለ። የእንግሊዝ ቡድን ስካይ ከ2012 እስከ 2018 ከነበሩት ሰባት ቱሮች ስድስቱን ሲያሸንፍ፥ ድሉ የጥቃቅን ብልጫዎች ክምችት መሆኑን፥ ለተወዳዳሪዎቹም ከሆቴል ወደ ሆቴል የየራሳቸውን ትራስና ፍራሽ እስከ መሸከም እንደ ደረሰ ያስተምር ነበር። በኋላ ግን ከቱር በፊት የቡድኑ ተወዳዳሪ ብራድሊ ዊጊንስ ትሪያምሲኖሎን የተባለ ኀይለኛ መድኀኒት ለአለርጂ ተብሎ በፈቃድ እንደ ተወጋ ታወቀ። ሕጉ የፈቀደው ነገር ነበር፤ ሆኖም የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ በ2018 ቡድኑ የሥነ ምግባርን ድንበር ተሻግሯል ሲል ደመደመ፤ ቡድኑና ተወዳዳሪው ግን ይህን አልተቀበሉም። ሌላውን ምሳሌ ደግሞ በየቤታችን እናውቀዋለን። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድዶ የተኛን ሰው የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ፥ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ነጥቆ ስለሚይዝ ነው። ይህ ጋዝ በጥቂቱ ተለክቶ ሲተነፈስ የደምን መጠን ለመለካት ያገለግላል፤ በ2024 አንዳንድ ቡድኖች ለዚሁ መለኪያ እንደሚጠቀሙበት ተገለጠ። ነገር ግን ደጋግሞ የሚተነፍሰውን ሰው አካል የኦክስጅን እጥረት እያሳየ ደም እንዲያበዛ ሊያደርገው ስለሚችል፥ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በ2025 መጀመሪያ ከሕክምና ስፍራ ውጭ ከለከለው። አንዱ ጋዝ ጧት መለኪያ፥ ማታ መድኀኒት ሊሆን ከቻለ፥ የሚለየው በያዘው ሰው ኅሊና ውስጥ ያለው አሳብ ነው፤ አሳብን ደግሞ ላቦራቶሪ አይመረምረውም።

እንዲህ ከሆነ እውነቱ ከወዴት ይገኛል? ወደ ኋላ ተመልሰን ታላላቆቹ ማታለሎች እንዴት እንደ ተገለጡ ብንቈጥር መልሱን እናገኛለን። ፌስቲናን የገለጠው የሽንት ጠርሙስ አልነበረም፤ የጉምሩክ ፍተሻ ነበር። በ2006 በማድሪድ የሐኪሙ የኡፌምያኖ ፉኤንቴስ የደም ከረጢቶች የተገኙት በፖሊስ ነው። አርምስትሮንግ በመቶዎች በሚቈጠሩ ምርመራዎች አልፎ ሳለ፥ በ2012 ሰባቱንም ድሎቹን ያስነጠቀው በአሜሪካ ፀረ አበረታች መድኀኒት ድርጅት ፊት የቆሙት የ26 ሰዎች ቃል ነው፤ ከእነርሱም 11ዱ በአንድ ማእድ አብረውት የበሉ የቡድን ባልንጀሮቹ ነበሩ። በ2019 በኦስትሪያና በጀርመን የተያዘው የደም ማጭበርበርም የተጀመረው አንድ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ስለ ተናገረ ነው፤ ሁለት ኦስትሪያውያን ብስክሌተኞችም ያን ጊዜ አመኑ። ከ2008 ጀምሮ የእያንዳንዱን ተወዳዳሪ ደም ለዓመታት የሚከታተለው መዝገብ የማታለሉን መጠን አጥብቦ ለስፖርቱ ብዙ ጠቅሟል፤ እነዚህን ሁለቱን ግን እርሱ አልያዛቸውም። ጠርሙሱ ዝም ባለበት ሁሉ ሰው ተናገረ።

ስለዚህ የሚናገረው ሰው ምን እንደ ደረሰበት መመልከት ይገባናል። ክሪስቶፍ ባሶን የተባለው ፈረንሳዊ፥ በፌስቲና ቡድን ውስጥ ሁሉ ሲወስዱ እንቢ ያለ መሆኑን የገዛ ባልንጀሮቹ ለመርማሪዎች የመሰከሩለት ሰው ነበር። በ1999 በሌላ ቡድን ተሰልፎ በጋዜጣ ላይ ስለ ውድድሩ አጠራጣሪ ፍጥነት በመጻፉ፥ ወደ አልፕ ደዌዝ በሚወስደው መንገድ ላይ ብቻውን ወደ ፊት ሲወጣ ጭፍራው አሳዶ ያዘው፤ የውድድሩን መሪ ቢጫ ማልያ የለበሰው አርምስትሮንግም ከጎኑ መጥቶ፥ ንግግሩ ስፖርቱን እንደሚጐዳና ቢሄድ እንደሚሻል ነገረው። ባልንጀሮቹም ፊታቸውን አዞሩበት። ባሶን ብዙም ሳይቈይ ቱሩን ጥሎ ሄደ፤ በ2001ም ገና በጕብዝናው ሙያውን ተወ። በ2004 ደግሞ ፊሊፖ ሲሜዮኒ የተባለው ተወዳዳሪ በአንድ ሐኪም ላይ በፍርድ ቤት ከመሰከረ በኋላ አንድ ቀን ወደ ፊት ሲወጣ፥ አርምስትሮንግ በቢጫ ማልያው ራሱ ተከትሎ መለሰውና ጣቱን በከንፈሩ ላይ እንደ ዚፕ ጐትቶ አሳየ። ያች የጣት እንቅስቃሴ ከማናቸውም ብልቃጥ ይልቅ ያንን ዘመን ትገልጸዋለች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው የአባቶች ቃል በአርምስትሮንግ ላይ ተፈጽሟል፤ በ2013 በጃንዋሪ ወር በአንደበቱ አመነ። ነገር ግን እውነቱ ሲጠራ ለባሶን የወጣትነት ዓመታቱን ማንም አልመለሰለትም፤ ማልያ ይገፈፋል፥ ስም ከመዝገብ ይፋቃል፥ ያለፈ ጕልበት ግን አይካስም። ዛሬም ከሩቅ የሚመጣ ሰው፥ በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን እንደ ጋለበው እንደ መቀሌው ልጅ እንደ ጽጋቡ ገብረማርያም ያለው፥ ወደዚያ መንገድ ይዞት የሚገባው እግሩንና ሳንባውን ነው፤ በስውር የሚሸጥ ድል ካለ መጀመሪያ በሩን የሚዘጋው በእንዲህ ባለው ፊት ነው።

ወደ ፖጋቻር ልመለስ። አበረታች መድኀኒት ስለ መውሰዱ እስከ ዛሬ ማስረጃ አልቀረበበትም። የሚጠራጠሩት ሰዎች ስለ ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን፥ የቡድኑ መሪ ማውሮ ጃኔቲ በ2008 ሪካርዶ ሪኮ የተባለው ተወዳዳሪ አዲስ ዐይነት ኢፒኦ ወስዶ ሲያዝ የሳውኒየር ዱቫል ቡድን አለቃ እንደ ነበረም ያስታውሳሉ፤ ይህን ማስታወሳቸው ቅናት ተብሎ ሊነቀፍ አይገባም። እንዲሁም የሰውን ድል በሌላው ሰው ኀጢአት መኰነን ግፍ ነው። ፍጥነቱ ብቻውን አይከሰውም፥ ትጋቱም ብቻውን ነጻ አያወጣውም። እኔ በበኩሌ ከእንግዲህ ወዲህ አንድ ብስክሌተኛ በተራራ ላይ ሁሉን ጥሎ ሲሄድ ባየሁ ጊዜ የምመለከተው በእጄ ያለውን ሰዓት አይደለም፤ ከኋላው የቀሩትን ነው። ከእነርሱ መካከል አንድ ወጣት ያየውን ለመናገር አፉን ቢከፍት፥ አጠገቡ ያሉት ፊታቸውን ያዞሩበት እንደ ሆነ ወይም መንኰራኵራቸውን ከመንኰራኵሩ አስተካክለው አብረውት ይሄዱ እንደ ሆነ አያለሁ።